የሚቀድመውን ስለ ማስቀደም

ወይዘሮዋ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ጊዜ እንደ መከሩኝ፣ ማታ ማታ የነገውን ሥራ በወረቀት እየጻፍሁ፣ ከሁሉ ይበልጣል ያልሁትንም በራስጌው እያኖርሁ ወደ ቢሮ ስሄድ ሰነበትሁ፤ ነገር ግን መስኮቱ ተከፍቶ የመጀመሪያው ባለጉዳይ እጁን ካስገባበት ሰዓት ጀምሮ ወረቀቱ ሌላ፣ ቀኑም ሌላ እየሆነ ስለሚመሽብኝ፣ ይህ ምክር ከቶ ለማን የተሰጠ እንደሆነ ልጠይቅዎ መጣሁ።

አረጋዊው፦ ደግ አደረግሽ፤ ምክር ሞክሮ የሚመለስ ሰው ብዙ አይደለም። በራስጌው ያኖርሽው ምን ነበር?

ወይዘሮዋ፦ የጡረተኞችን ማኅደር ከልደት ማስረጃቸው ጋር ማመሳከር።

አረጋዊው፦ ከበታቹስ?

ወይዘሮዋ፦ ያልተመለሱ ደብዳቤዎች፣ የወሩ ሪፖርት፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ከመዝገብ ቤት የምረከባቸው ፋይሎች፤ ከዚያ ወዲያ የቤቱ ነገር ይከተላል፤ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእድር መዋጮ፣ የእናቴ መድኃኒት።

አረጋዊው፦ እንግዲያስ ጽፈሽ የያዝሽው የዕዳ መዝገብ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም። ሰው ያለበትን ዕዳ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ቢዘረዝር አእምሮው ጥቂት ያርፍ ይሆናል፤ ቀኑ ግን በመዘርዘሩ ምክንያት አይረዝምለትም፤ ይልቁንም ከላይ የተጻፈው ከባድ፣ ከታች የተጻፈው ቀላል የሆነ እንደሆነ፣ እጁ ሳያውቀው ወደ ቀላሉ ያዘነብልና፣ ሲመሽ ብዙ መስመር ሰርዞ፣ ዋናውን ግን ሳይነካው ይገኛል። እኔ ማስቀደም የምለው አንዱን ነገር ከሌላው በላይ መጻፍን ሳይሆን፣ አንዱ እስኪፈጸም ድረስ ሌላው በግልጥ እንዲቆይ መፍረድን ነው። ፍርድ ባለበት ደግሞ ረቺና ተረቺ አለ፤ የተረታውን በስሙ ጠርቶ «አንተ ዛሬ አትሠራም» ለማለት ያልደፈረ ሰው ገና አልመረጠም።

ወይዘሮዋ፦ የሚረታው ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው፤ የእኔም ክርክር ከዚሁ ይነሣል።

አረጋዊው፦ ወደዚያ መድረሳችን አይቀርም። አስቀድመን ግን ነገሩን የተናገረውን ሰው እንመልከት። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1954 በኢሊኖይ ግዛት፣ በኤቫንስተን ከተማ፣ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ተሰብስቦ ሳለ ባደረገው ንግግር፣ ሁለት ዓይነት ችግሮች እንዳሉበት፣ እነርሱም አስቸኳዩና ዋናው እንደሆኑ፣ አስቸኳዩ ዋና እንዳልሆነ፣ ዋናውም ከቶ እንደማያስቸኩል፣ ከአንድ የቀድሞ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት የሰማውን ጠቅሶ ተናገረ። ከዚያ ወዲያ በ1989 ስቲቨን ኮቪ የተባለው ጸሐፊ ይህን መለያ በአራት ክፍል ሠንጠረዥ አድርጎ በመጽሐፉ ስላሳተመው፣ ዛሬ በየሥልጠናው አዳራሽ ይሣላል። ሠንጠረዡ ቢቀርም አይጎዳንም፤ ፍሬ ነገሩ ግን በሰሌዳ ላይ ሳይሆን በልቡና ሊቀረጽ የሚገባው ነው፤ የሚጮኸው ሁሉ የሚበልጥ አይደለም፣ የሚበልጠውም አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም።

ወይዘሮዋ፦ እርሳቸው ይህን ሲናገሩ በደጃቸው ዘበኛ፣ ከዘበኛው በስተኋላ ጸሐፊ፣ ከጸሐፊው በስተኋላ ረዳት ስለነበራቸው፣ አስቸኳዩ ነገር የሚደርሳቸው ሦስት በር አልፎ፣ ጩኸቱም በርዶ ነው። እኔ ያለኝ አንድ መስኮት ነው። በዚህ ሰሞን ከሰሜን ሸዋ ሌሊት ተነሥታ የመጣች አንዲት ባልቴት፣ የሟች ባሏን ማኅደር ፍለጋ ከፊቴ ቆመች። በእኔ ወረቀት ላይ እርሷ ያልተጻፈች፣ ድንገት የደረሰች፣ ሥራዬን የምታቋርጥ ናት፤ በእርሷ በኩል ሆኖ ለሚያየው ግን በዚያን ቀን ከዚያ ጉዳይ የሚበልጥ በምድር ላይ የለም። እንግዲህ «አስቸኳይ ነው እንጂ ዋና አይደለም» ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? ከመስኮቱ ወዲህ የተቀመጠው ነው፣ ወይስ ከመስኮቱ ወዲያ የቆመው?

አረጋዊው፦ ምን አደረግሽላት?

ወይዘሮዋ፦ የያዝሁትን ትቼ ማኅደሩን ፈለግሁላት።

አረጋዊው፦ የተውሽው ምን ነበር?

ወይዘሮዋ፦ የአንድ ሰው የልደት ዘመን ነበር፤ በአውሮጳ አቆጣጠር ተጽፎ የመጣ፣ ወደ እኛ የሚመለስ።

አረጋዊው፦ ይህን ሥራ እኔም በጉልምስናዬ ሠርቼዋለሁና ጠባዩን አውቀዋለሁ። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ባለው ጊዜ የተወለደ ሰው ዘመኑ ወደ እኛ ሲመለስ 7 ይቀነስለታል፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን እስከ ጳጉሜን መጨረሻ የተወለደ እንደሆነ 8 ይቀነስለታል፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ፣ ያለፈው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜንን 6 አድርጎ ስለሚሰናበት፣ ወሰኑ በአንድ ቀን ቀደም ይላል። ነገሩ ረቂቅ ሒሳብ አይደለም፤ የስምንት ዓመት ሕፃን ሊማረው ይችላል። ነገር ግን ጸሐፊው ወሩን አይቶ፣ ቀኑን አይቶ፣ «ሰባት ነው» ብሎ በልቡ ከያዘ በኋላ አንድ ሰው ቢጠራውና፣ ተመልሶ ሲቀመጥ እጁ ስምንት ብትቀንስ፣ ከዚያ ቁጥር ማዶ ያለው ሰው በአንድ ጠብታ ቀለም አንድ ዓመት ያረጃል፤ በ60 ዓመቱ በጡረታ የሚሰናበተውም ሰው በ59 ዓመቱ ይሰናበታል፤ ስሕተቱን ለማስቃናትም ከወረዳ ወረዳ፣ ከማኅተም ማኅተም እየተንከራተተ ይኖራል። ባልቴቲቱ በዓይንሽ ፊት ቆማለች፣ ነጠላዋን፣ አቧራ የለበሰ ጫማዋን ታዪዋለሽ፤ ያ ሰው ግን በመስመር ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው፣ አያለቅስም፣ መስኮት አያንኳኳም። እኔ ስለ ማስቀደምና ልብን ስለ መሰብሰብ ስናገር የምከራከረው ድምፅ ስለሌለው ስለዚያ ሰው ነው።

ወይዘሮዋ፦ መልካም ብለዋል፤ ነገር ግን ከባልቴቲቱ ተመልሼ ስቀመጥ ከመጀመሪያው ጀምሬ ባየው ስሕተቱ አይደርስም።

አረጋዊው፦ ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽን? ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ አንዱን ሥራ ሳይፈጽም ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው አሳቡ በሙሉ አብሮት እንደማይሻገር፣ ከፊሉ ከፊተኛው ሥራ ጋር እንደሚቀርና የኋለኛውን እንደሚያደክምበት አሳይታለች። ስለዚህ ባልቴቲቱም ከአንቺ ያገኘችው ግማሽ ልብ ነው፤ ያም ሰው ያገኘው ግማሽ ልብ ነው። አባቶች ይህን ዝርወተ ልቡና ይሉት ነበር፤ በጸሎት ላይ የሚመጣ ፈተና ነው ብለው ብዙ ደክመውበታል።

ወይዘሮዋ፦ በጥናት ከተከራከርን፣ እኔም የማውቀው አለ። ተመራማሪዋ ግሎሪያ ማርክ ከባልደረቦቿ ጋር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2008 ባወጣችው ጥናት፣ በመካከል የተቋረጡት ሰዎች ሥራቸውን ካልተቋረጡት ፈጥነው ጨረሱ፣ ጥራቱም አልቀነሰም። ታዲያ መቋረጥ ሥራን ያጠፋል የሚለው ነገር እንዴት ይጸናል?

አረጋዊው፦ እስከ መጨረሻው ካነበብሽው፣ ያን ፍጥነት በምን እንደ ገዙት ተጽፏል፤ በጭንቀት፣ በጥድፊያና በብስጭት ነው። የተፈተኑበትም ሥራ ለኢሜይል መልስ መስጠት ነበር፤ መልስ በአጭሩ ሊጻፍ ይችላል፣ የልደት ዘመን ግን በአጭሩ አይቀነስም። ሴቶችም ወንዶችም ማታ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ፊታቸው ለምን እንደሚጠቁር፣ በልጅ ላይ ለምን እንደሚጮኹ መርምረሽ ታውቂያለሽን? በቢሮ ያተረፉትን ፍጥነት በቤት ይከፍሉታል።

ወይዘሮዋ፦ ይህን አልክድም፤ እኔም ከፍያለሁ።

አረጋዊው፦ እንግዲህ ወደ አባቶች ልመለስና፣ ቤተ ክርስቲያን ቀንና ሌሊቱን በሰባት ጊዜያተ ጸሎት፣ በነግህ፣ በሠለስት፣ በቀትር፣ በተሰዓት፣ በሠርክ፣ በንዋምና በመንፈቀ ሌሊት የከፈለችው፣ ሰው ሁሉ የሚበልጠውን ነገር በየሰዓቱ ከሚደርሰው ግርግር ጋር እየተከራከረ እንዳይመርጥ፣ ምርጫው አስቀድሞ፣ ግርግሩ ሳይደርስ እንዲያልቅለት ነው። ሥርዓት ማለት ይህ ነው። ከዚህም ወርደን የቁም ጸሐፊን ሥራ ብናይ፣ ብራናውን በወስፌ ካሰመረ በኋላ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ብርዕ በየመስመሩ እየለዋወጠ አይጽፍም፤ ብዙ ጊዜ ቅዱሳት ስሞች የሚገቡበትን ስፍራ ክፍት እየተወ ጥቁሩን አስቀድሞ ይዘልቀዋል፣ ቀዩንም በተራው ተመልሶ ይሞላዋል። በግዕዝ መጻሕፍት መካከል ቀዩ ቀለም ሳይሞላላቸው የቀሩ፣ ስሙ ሊጻፍበት የሚገባው ስፍራ ባዶውን ያለ ብራናዎች የሚገኙት ከዚሁ የተነሣ ነው። አንዱን ብርዕ ይዞ አንዱን ሥራ መዝለቅ፣ ፋብሪካና ሰዓት ቈጣሪ ሳይኖር፣ የእኛ ሰዎች በእጃቸው ያወቁት ጥበብ ነው።

ወይዘሮዋ፦ እኔም ያን ጸሐፊ አከብረዋለሁ። ግን ጋሼ፣ ጸሐፊው በዚያች ጎጆ ጥላ ሥር ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን መስመር ሲዘልቅ፣ ውኃውን ከወንዝ የምታመጣው፣ እህሉን የምትፈጨው፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ወደ እርሱ እንዳይሄድ የምትይዘው ማን ናት? ለእርሷስ በሰባት የተከፈለ ቀን ነበራትን? የእርሱ ጽሞና ከእርሷ ዝርወት የተሠራ ነው። የእርስዎም ምክር፣ ክቡር ቢሆንም፣ የሚሠራው በአንድ ሰው ዙሪያ ሌሎች ሰዎች ተሰልፈው መቋረጡን ሁሉ የተቀበሉለት እንደሆነ ነው፤ ስለዚህ ትጋት ተብሎ የሚመሰገነው አብዛኛውን ጊዜ ማዕረግ ነው።

አረጋዊው፦ ይህ እስካሁን ካነሣሽው ሁሉ የጠነከረው ነው፤ በአንድ ቃል ልመልሰውም አልሻም። ነገር ግን ሰው የሌላውን ቀን ሳይበላ፣ የራሱን ሥራ አቆይቶ የሚበልጠውን ሊያስቀድም እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው በኢየሩሳሌምም፣ ከዚያም በአገራቸው ሳሉ ዕድሜያቸውን ሰጡት፤ እርሳቸውም ሳያሳትሙት ዐረፉ። አደራውን የተቀበሉት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ነበሩ፤ እርሳቸውም የራሳቸው ታላቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት የነበራቸው ሰው ናቸው። የትኛው ቀደመ? የመምህራቸው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. ታተመ፤ የራሳቸው «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. ወጣ። በመካከሉ 14 ዓመት አለ። ዛሬ ግዕዝ የሚማር ሰው ያን መጽሐፍ ሲገልጥ፣ ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ አንድን ነገር ያስቀደሙበትን ዘመን ይገልጣል። እዚህ ላይ የቆየው የባልቴት ጉዳይ አይደለም፤ የቆየው የገዛ ራሳቸው ስም ነው።

ወይዘሮዋ፦ ነገሩ ልብ ይነካል። ግን የራስን አቆይቶ የሌላውን ማስቀደም ከሆነ ምስጋናው፣ እናቶች በየቀኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ከእነርሱ መዝገበ ቃላት አይወጣም እንጂ። እናቴ ፊደል ቈጥራ ነበር፤ ድምፅዋም መልካም ነበር፤ ዳዊት ለመድገም ትመኝ ነበር። ስድስት ልጆች፣ አንድ በሽተኛ አማት፣ የእድርና የማኅበር ጥሪ ሲቀድሙ ሲቀድሙ ዳዊቱ ቆየ፤ አሁን ዓይኗ ደከመ። የአለቃ ደስታ 14 ዓመት ፍጻሜ ነበረው፤ የእርሷ የለውም። ታዲያ «የራስሽን አቆይ» የሚለው ምክር፣ ሁልጊዜ ሲያቆዩ ለኖሩት ምን ይነግራቸዋል?

አረጋዊው፦ ለእናትሽ የምነግራት ተቃራኒውን ነው፤ ዳዊቷን ማስቀደም ይገባት ነበር፤ በቀን አንዲት ሰዓት እንኳ ብትሆን፣ ልጆቹ ሁሉ የሚያውቋትና የሚያከብሯት፣ «እማማ አሁን ዳዊት ላይ ናት» የሚሏት ሰዓት።

ወይዘሮዋ፦ በዚያች ሰዓት ወጡ ቢያርርስ?

አረጋዊው፦ አባትሽ ያማስሉት።

ወይዘሮዋ፦ በዚያን ጊዜ ይህን የሚላቸው ሰው አልነበረም።

አረጋዊው፦ እንዲህ ከሆነ እኔና አንቺ ሳናውቀው ወደ አንድ ስፍራ እየተቃረብን ነው፤ ማስቀደም የአንድ ሰው የብቻው ጥበብ ሳይሆን የማኅበር ሥርዓት ነው ማለት ነው። በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ ያለውን ታስታውሺያለሽ። ከግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ ወገን የሆኑት መበለቶች በዕለት ዕለቱ እደላ ቸል ስለ ተባሉ ማጉረምረም ሆነ። ሐዋርያት በዚህ ጊዜ ሁለቱን ነገር፣ ማዕዱንና ቃሉን፣ በአንድ ልብ ሊይዙ እንደማይችሉ በጉባኤ ፊት በግልጥ ተናገሩ፤ «ስብሰባ ላይ ነን» ብለው በር አልዘጉም፤ መበለቶቹንም «ነገ ተመለሱ» አላሉም፤ ሕዝቡ የመረጣቸውን ሰባት ሰዎች እጃቸውን ጭነው በማዕዱ ላይ ሾሙና፣ እነርሱ ወደ ጸሎትና ወደ ስብከት ተመለሱ። እነሆ መበለቶቹ አልተጣሉም፣ ዋናውም ነገር አልተጣለም።

ወይዘሮዋ፦ እኔ ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ከሐዋርያት ወገን አይደለሁም፤ ከሰባቱ ወገን ነኝ። የታላቁ ሰው ልብ እንዲሰበሰብ የተሾምሁ እኔ ነኝ። ለእኔ ደግሞ ማን ይሾምልኝ? ደግሞም ቢያስተውሉት፣ በዚያው ምዕራፍ እስጢፋኖስ በሸንጎ ፊት ቆሞ ይታያል፤ ሁለት ምዕራፍ ዝቅ ቢሉ ፊልጶስን በሰማርያ ሲሰብክ ያገኙታል፤ ከዚያ በኋላ ማዕዱን ማን እንደ ያዘው አልተጻፈም። ሥራ ከላይ ወደ ታች እየተላለፈ ሲሄድ፣ የሚያልቅበት ስፍራ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው መኖሩ አይቀርም፤ የእርስዎ ትምህርት ለዚያ ሰው ቃል የለውም።

አረጋዊው፦ አንድ ቃል አለው። ማዕድ የሚያድል ሰውም ልቡ ሊሰበሰብለት ይገባል፤ አንዷን መበለት እያስተናገደ ሌላዋን የሚያይ፣ ለሁለተኛዋ ሲሰጥ ሦስተኛዋን የሚመልስ፣ ከሁለት ያጣ አስተናጋጅ ነው። ስለዚህ እኔ ከአንቺ መሥሪያ ቤት ቢጠይቁኝ፣ ሠራተኛው በመጣበት ሰዓት፣ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ መስኮቱ ሳይከፈት ማኅደር ይመሳከር እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን መስኮቱ ሲከፈት ማኅደሩ ይከደን፣ ቃለ ጉባኤውም ይቆይ፣ ፊት ለፊት ያለው ሰው ብቻ ይታይ። ይህንንም በር ላይ ለጥፋችሁ አስነብቡ፤ ማንበብ ለማይችለው ዘበኛው ይንገረው። ባለጉዳይን የሚያቆስለው መጠበቁ አይደለም፤ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ አለማወቁ ነው።

ወይዘሮዋ፦ መጠበቁም ያቆስላል። ሌሊት ተነሥታ የመጣች ሴት 3 ሰዓት ተኩል ድረስ በግንብ ጥግ ቆማ፣ ከዚያ ተራዋ እስኪደርስ ቆማ፣ 6 ሰዓት ተኩል ለምሳ ሲዘጋ ተመልሳ የምትሄድ ከሆነ፣ የተለጠፈው ወረቀት ምን ያደርግላታል? የአንድ ሰዓት ጽሞና ለእኔ አንድ ሰዓት ነው፤ ለእርሷ አንድ የአውቶቡስ መሳፈሪያና አንድ የእንግዳ ማደሪያ ነው። ሰዓታችን እኩል አይመዘንም።

አረጋዊው፦ በዚህ ረታሽኝ አልልም፣ ግን አልረታሁሽም። የሚመዘነው በየትኛው ሚዛን እንደሆነ ልጠይቅሽ። በዚያ ሳምንት ጎረቤት ሞቶባችሁ እንደነበር ነግረሽኝ ነበር፤ ምን አደረግሽ?

ወይዘሮዋ፦ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ልቅሶው ሄድሁ።

አረጋዊው፦ ደግ አደረግሽ። ልቅሶው ይቀድማል።

ወይዘሮዋ፦ ከማኅደሩም፣ ከባልቴቲቱም?

አረጋዊው፦ አዎን፤ ለሞተው ሰው የሚመለስ ቀን የለውምና።

ወይዘሮዋ፦ እንግዲያስ ጋሼ፣ ልብ ይበሉልኝ። ልቅሶው እንደሚቀድም የነገረዎ የአይዘንሃወር መለያ አይደለም፤ የለሮይ ጥናት አይደለም፤ የሥራ ዝርዝርም አይደለም። ያደጉበት ልማድ፣ የሰሙት ወንጌል፣ የቀበሯቸው ሰዎች ናቸው የነገሩዎ። ልብን የመሰብሰብ ጥበብ እንዴት እንደሚያስቀድሙ ያስተምራል እንጂ ምን እንደሚቀድም አይናገርም፤ ክፉም ሰው ልቡን ሰብስቦ፣ ቅድሚያ ሰጥቶ፣ ስልኩን ዘግቶ ክፋቱን በሰዓቱ ይፈጽማል። ታዲያ ሰው ሁሉ በዚህ ጥበብ ላይ መጻሕፍት ሲገዛ፣ ሥልጠና ሲቀመጥ፣ ዋናውን ጥያቄ የሸሸ አይመስልዎትምን?

አረጋዊው፦ ጥበቡ ምን እንደሚቀድም እንደማይናገር እስማማለሁ፤ ያን የሚናገር ሕሊና ነው። ነገር ግን ሕሊና የሚናገረው በለሆሳስ ነው፤ ቀኑን አስቀድሞ ያልደለደለ ሰው፣ ሕሊናው ቢናገርም አይሰማውም፤ የሚሰማው የሚጮኸውን ነው። አንድ አለቃ ቢጮኽበት ወደ አለቃው ይሄዳል፣ ስልኩ ቢጮኽ ወደ ስልኩ፣ በቴሌግራም የተላከ ቀልድ ቢደርሰው ወደ ቀልዱ፤ በመጨረሻም ባልቴቲቱንም ያንንም ሰው ሁለቱንም ያጣቸዋል፣ ያውም መርጦ ሳይሆን ተወስዶ። በዚህ ዘመን ልባችንን ለመውሰድ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች አሉ፤ የያንዳንዱ ማስታወቂያ ድምፅ፣ ቀይ ቁጥሩ፣ መስኮቱ ላይ ብቅ የሚለው ሥዕል ታስቦበት የተሠራ ነው። አስቀድሞ ያልመረጠ ሰው፣ ሌሎች መርጠውለት ይውላል።

ወይዘሮዋ፦ ይህን እቀበላለሁ፤ በተለይ ስለ ስልኩ። ግን ከሚጮኹት መካከል ባልቴቲቱም አለች። ጩኸትን ሁሉ በአንድ ስም ከጠሩት፣ የድኻ ጩኸትና የማስታወቂያ ድምፅ በአንድ ላይ ይዘጋሉ። በየመሥሪያ ቤቱ የሆነውም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ የተዘጋው መስኮቱ ነው፣ ስልኩ ግን እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

አረጋዊው፦ ይህ እውነት ነው፤ መገልበጥም አለበት። ስልኩ ይዘጋ፣ መስኮቱ ይከፈት። በዚያች የጠዋት ሰዓት ደግሞ በመስኮቱ አለቃችሁ ይቀመጡ።

ወይዘሮዋ፦ አለቃችን?

አረጋዊው፦ አዎን፣ እርሳቸው። ሐዋርያት ሰባቱን ሾሙ፤ ለሰባቱ ልብ መሰብሰብ የሚያስብ ግን የሾማቸው ነው። አለቃ በቀን አንዲት ሰዓት በመስኮት ቢቀመጥ፣ ጸሐፊዋ ማኅደሯን ሳትቋረጥ ትሠራለች፣ ባልቴቷም አትቆምም፤ እርሱም በሪፖርት የሚያነበውን ነገር ፊት ለፊት ያየዋል። የእርሱ ዋና ሥራ ይህ ካልሆነ ምንድን ነው?

ወይዘሮዋ፦ እንግዲያስ ስለ እኔ ወረቀት የመከሩኝ ምክር መነገር የነበረበት ለእርሳቸው ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ቅደም ተከተል ሲበላሽ፣ ስሕተቱ ከታች ባለው ሠራተኛ ልብ ማጣት ይቈጠራል፤ ሥልጠናውም ለእርሱ ይሰጣል፤ ራስህን አደራጅ፣ ጊዜህን አብቃቃ ይባላል። የእርሳቸውን ቀን ግን ማንም አይመረምርም።

አረጋዊው፦ ለእርሳቸውም ይነገር፤ እኔም ብጠየቅ እናገራለሁ። ነገር ግን እርሳቸው እስኪሰሙ ድረስ የአንቺ ቀን ይመሻል፤ ነገም ይነጋል። ቀኑ በሙሉ በአለቃ እጅ አይደለም፤ ከእርሱ አንዲት ቅንጣት በእጅሽ አለች። ጠዋት ስትቀመጪ ስልክሽን አጥፊ።

ወይዘሮዋ፦ አላጠፋውም። እናቴ ብቻዋን ናት።

አረጋዊው፦ የእርሷ ጥሪ ብቻ የሚሰማ አድርጊው፤ የልጅሽ እጅ ያውቀዋል።

ወይዘሮዋ፦ የልጄም ትምህርት ቤት ይጨመር።

አረጋዊው፦ ይጨመር፤ ሌላው ግን ዝም ይበል።

ወይዘሮዋ፦ ይህን አደርጋለሁ። ባልቴቲቱ ግን በስልኬ ውስጥ ስሟ የለም። አለቃዬም በመስኮቱ አይቀመጡም፤ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አንኳኳች እንበል። ምን ላድርግ?

አረጋዊው፦ ክፈችላት፤ ግን የጀመርሽውን የልደት ዘመን ቀንሰሽ፣ ጽፈሽ፣ ከፈረምሽበት በኋላ።

ወይዘሮዋ፦ ይህ ምን ያህል ይወስዳል?

አረጋዊው፦ ካላቋረጡሽ፣ ሁለት ደቂቃ።

ወይዘሮዋ፦ ሁለት ደቂቃ እንድትታገሠኝ በአንደበቴ እነግራታለሁ፤ አንድ ሰዓት ግን በጥግ አላቆማትም።